ቁልፍ የሌለው ጓዳ፦ ፓይተን የኦብጀክትን ገመና መጠበቅ የተማረበት ጉዞ

እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም። ጓዳው አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ የለውም፤ ያለው መጋረጃ ነው። ገልጦ ለመግባት አንድ እጅ ይበቃል፤ ግን የሚሞክረው የለም፤ መጋረጃው ራሱ ተናግሯልና። ክፉ ቀን መጥቶ ከውስጥ ጭስ ከታየ ደግሞ ያው እንግዳ በር መስበር ሳያስፈልገው ገብቶ እሳቱን ያጠፋል።

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የቆመው በዚህ ሥርዓት ነው። ጃቫ ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ ተምሮ ወደ ፓይተን የሚመጣ ሰው ገና በመጀመሪያው ሳምንት "ፕራይቬት የሚለው ቃል የታለ?" ብሎ ይጠይቃል። የሚያገኘው መልስ አጭር ነው፤ "የለም፤ በስሙ ፊት አንድ አንደርስኮር አድርግ።" ጠያቂው ግር ይለዋል። አንዲት የታች ሰረዝ ምን ትጠብቃለች?

መልሱ ያለው በታሪኩ ውስጥ ነው። አብዛኞቻችን ታሪኩን የምናውቀው ቆራርሰን ነው፤ አንዱ ድርብ አንደርስኮርን ሰምቷል፣ ሌላው ፕሮፐርቲን ይጠቀማል፣ ሦስተኛው "ሁላችንም አዋቂዎች ነን" የሚለውን የፓይተን ሰዎች አባባል ይደግማል። እነዚህ ቁርጥራጮች ግን የአንድ ረጅም ሙግት ክፍሎች ናቸው። ሙግቱም፦ የኦብጀክትን ውስጥ ከውጭ ሰው መጠበቅ ያለበት ማን ነው? ቋንቋው ወይስ ፕሮግራመሩ? ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1967 እስከ 1979፦ ግድግዳ ያልነበረው ቤት

የኦብጀክት አስተሳሰብ የተወለደው ኦስሎ ውስጥ፣ በኖርዌይ የኮምፒውተር ማዕከል ነው። ኦሌ ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጋርድ ያዘጋጁት ሲሙላ 67 የተባለው ቋንቋ ክላስን፣ ኦብጀክትንና ውርስን ለዓለም አስተዋወቀ። ክላስ የቤቱ ንድፍ ነው፤ ኦብጀክት በንድፉ መሠረት የተሠራው ቤት፤ አትሪቢዩት ደግሞ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ። የሲሙላ ፈጣሪዎች ዓላማ ወረፋን፣ መርከብንና ፋብሪካን በኮምፒውተር አስመስሎ ማጥናት ነበርና ስለ ግድግዳ ብዙም አላሰቡም። ኦብጀክቱን የያዘ ሰው ሁሉ ውስጡን ማየትና መለወጥ ይችል ነበር። ዕቃን የሚሸሽግ ሥርዓት ወደ ሲሙላ የተጨመረው ዘግይቶ፣ በ1970ዎቹ ነው።

የመሸሸግን ምክንያት ጥርት አድርጎ ያስረዳው ሌላ ሰው ነው። በታኅሣሥ 1972 ዴቪድ ፓርናስ አንድ ፕሮግራም በምን መሥፈርት ወደ ሞጁሎች መከፋፈል እንዳለበት የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተመ። ለምሳሌ የወሰደው ትንሽ ሥራ ነበር፤ መስመሮችን ተቀብሎ፣ ቃላታቸውን እያዟዟረ፣ በፊደል ተራ ደርድሮ የሚያወጣ ማውጫ። ይህንኑ ሥራ በሁለት መንገድ ከፋፈለው። በመጀመሪያው መንገድ ሞጁሎቹ የሥራውን ቅደም ተከተል ተከተሉ፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያዟዙራል፣ አንዱ ይደረድራል፣ አንዱ ያትማል። በዚህ አካሄድ መስመሮቹ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጡ ሁሉም ሞጁል ማወቅ ነበረበት። አቀማመጡን መለወጥ ማለት ሁሉንም መንካት ማለት ሆነ። በሁለተኛው መንገድ ግን እያንዳንዱ ሞጁል ወደፊት ሊለወጥ የሚችል አንድ ውሳኔን ይዞ ለብቻው ሸሸገ። የአቀማመጡን ምሥጢር የሚያውቀው አንድ ሞጁል ብቻ ስለሆነ፣ ለውጥ ሲመጣ የሚነካው እሱ ብቻ ሆነ።

ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ የሚመዘነው በእሱ ነው። ፓርናስ ስለ ሌባ አልተናገረም። የተናገረው ስለ ለውጥ ነው። ውስጡ የሚከለለው ነገ ውሳኔን መቀየር የሚፈልግ ሰው ከሌላው ጋር ሳይጋጭ እንዲቀይር ነው።

በዚያው አሥር ዓመት ሐሳቡ በቋንቋዎች ውስጥ ሥጋ ለበሰ። በኤም አይ ቲ ባርባራ ሊስኮቭና ባልደረቦቿ በሠሩት ክሉ በተባለው ቋንቋ፣ የአንድን ነገር ውስጣዊ አሠራር ማየት የሚችሉት ከእሱ ጋር አብረው የተጻፉት ተግባራት ብቻ ሆኑ። በካሊፎርኒያ ዜሮክስ ፓርክ ቤተ ሙከራ የተሠራው ስሞልቶክ ደግሞ የኦብጀክትን ዕቃ ሜተድ የሚባሉት የራሱ ተግባራት ብቻ እንዲነኩት አደረገ፤ የውጭ ሰው መልእክት ልኮ ይጠይቃል እንጂ እጁን አያስገባም።

ከ1979 እስከ 1989፦ ቁልፉ ተሠራ

በቤል ቤተ ሙከራ ቢያርነ ስትሮውስትሩፕ በ1979 የሲን ቋንቋ ከሲሙላ ክላሶች ጋር ማዋሐድ ጀመረ። ውጤቱ ሲ ፕላስ ፕላስ ሆነ። የዛሬው ፕሮግራመር እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚያያቸው ፐብሊክ፣ ፕራይቬትና ፕሮቴክትድ የሚሉ ቃላት የተስፋፉት በዚህ ቋንቋ ነው። ፕራይቬት የተባለውን ዕቃ ከውጭ የሚነካ ኮድ ከተጻፈ ኮምፓይለሩ አልተረጉምም ይላል። ስትሮውስትሩፕ ራሱ ግን ጥበቃው ከስሕተት እንጂ ከተንኮል እንደማያድን በግልጽ ተናግሯል። የማኅደረ ትውስታ አድራሻን ይዞ መግባት የሚፈልግ ሰው መግቢያ አያጣም።

ከቁልፉ ጋር አንድ ልማድ መጣ። የባንክ ሒሳብን የሚወክል ክላስ አለ እንበል፤ በውስጡ "ቀሪ" የሚባል ቁጥር አለ። ቁጥሩን ለሁሉም ክፍት ብናደርገው ሰዎች በቀጥታ "ቀሪ" እያሉ ይጠቀሙበታል። ከዓመት በኋላ ቀሪው እንዳይቀመጥ፣ ይልቁንም ከገቢና ከወጪ መዝገቡ ተደምሮ እንዲገኝ ብንወስንስ? ቀሪ ከዕቃነት ወደ ተግባርነት ተለወጠ ማለት ነው፤ ተግባር የሚጠራውም በቅንፍ ነው። ስለዚህ "ቀሪ" ብሎ የጻፈ ሰው ሁሉ "ቀሪ()" ብሎ ማረም አለበት፤ ይህም ሺህ ቦታ ሊሆን ይችላል። ይህን የፈራ ፕሮግራመር ቁጥሩን ከመጀመሪያው ይቆልፍና አንድ የሚሰጥ፣ አንድ የሚቀበል ተግባር አስቀድሞ ይጽፋል። ጌተርና ሴተር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አብዛኞቹ ከመስጠትና ከመቀበል በቀር ምንም አይሠሩም፤ ምናልባት ለሚመጣ ለውጥ የሚከፈሉ ቅድመ ክፍያ ናቸው።

ይህ ክፍያ አስፈላጊ እንዳልሆነ ከተገነዘቡት አንዱ የኤፍል ቋንቋ ፈጣሪ ቤርትራንድ ሜየር ነበር። በ1988 ባወጣው መጽሐፉ አንድ መርሕ አስቀመጠ፤ የሚጠቀም ሰው ዕቃው የተቀመጠ ይሁን በስሌት የሚገኝ ከአጻጻፉ መለየት የለበትም። ችግሩን የፈጠረው ቅንፉ ነው፤ ቅንፉ ከጠፋ ቅድመ ክፍያውም ይጠፋል። ፓይተን ይህን መልስ የራሱ ያደረገው ከ13 ዓመት በኋላ ነው።

ከ1989 እስከ 1992፦ ክፍቱ ቤት በአምስተርዳም

በታኅሣሥ 1989 ጊዶ ቫን ሮሰም በአምስተርዳም ብሔራዊ የሒሳብና የኮምፒውተር ምርምር ተቋም ውስጥ ይሠራ ነበር። ቀደም ሲል ኤቢሲ በተባለ የማስተማሪያ ቋንቋ ሥራ ላይ ተሳትፏል፤ አሁን ደግሞ አሜባ በተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሚሠራ ቡድን አባል ነው፤ ለዚህም ቀለል ያለ ቋንቋ ፈለገ። የገና ዕረፍት ላይ የጀመረው ሥራ በየካቲት 1991 ፓይተን 0.9.0 ተብሎ ለሕዝብ ወጣ።

ክላስ በመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። የተጨመረው በመጀመሪያው የሥራ ዓመት መገባደጃ ገደማ፣ ቋንቋው ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ነው። ዘግይቶ የመጣ ነገር ደግሞ ባለው ነገር ላይ መቆም አለበት። ፓይተን ውስጥ የነበረው ዋና መሣሪያ ዲክሽነሪ ነው፤ ስምን ከዋጋ ጋር የሚያያይዝ መዝገብ። ስለዚህ እያንዳንዱ ኦብጀክት የራሱን ዕቃዎች የሚጽፍበት መዝገብ ተሰጠው። "ሒሳብ.ቀሪ" ሲባል ቋንቋው በመዝገቡ ውስጥ "ቀሪ" የሚለውን ስም ይፈልጋል፤ ካጣው ወደ ክላሱ ይሄዳል።

ከዚህ ቀላል አሠራር ትልቅ ውጤት ተከተለ። በሲ ፕላስ ፕላስ ዕቃ ከመኖሩ በፊት ይታወጃል፤ "ፕራይቬት" የሚለውም የሚጻፈው በአዋጁ ላይ ነው። በፓይተን ግን አዋጅ የለም፤ ዕቃው የሚወለደው ዋጋ ሲሰጠው ነው። አዋጅ በሌለበት "ይህ ፕራይቬት ነው" የሚለው የት ይጻፋል? ስለዚህ ሁሉም ክፍት ሆነ። የቋንቋው መማሪያ ሰነድም ዕቃ ሁሉ ፐብሊክ መሆኑን፣ መሸሸግን የሚያስገድድ ነገር አለመኖሩን፣ ሁሉም በልማድ ላይ የቆመ መሆኑን ሳይደብቅ ጻፈ። ተጠቃሚ የሌላውን ኦብጀክት ዕቃ እንደፈለገ ቢለውጥ የውስጥ ሥርዓቱን ሊያፈርስ እንደሚችልም አስጠነቀቀ።

ልማዱ ያረፈባት ምልክት አንደርስኮር ናት። ምልክቷ ከባዕድ የመጣች አይደለችም፤ ፓይተን የተጻፈበት ሲ ቋንቋ በአንደርስኮር የሚጀምሩ ብዙ ስሞችን ለራሱ ለሥርዓቱ የመጠበቅ ልማድ ነበረው። ፓይተንም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ምልክቷን በተግባር አከበራት፤ "ከዚህ ሞጁል ሁሉንም አምጣልኝ" ሲባል በአንደርስኮር የሚጀምሩትን ስሞች ይተዋቸዋል። መጋረጃው ተሰቀለ፤ በር ግን አልነበረም።

ከ1993 እስከ 1996፦ ያልሰመረው ቃልና ሁለቱ ሰረዞች

ጊዶ በር ለመሥራት ሞክሮ ነበር። ይህን ምዕራፍ የሚያውቁ የዛሬ ፕሮግራመሮች ጥቂት ናቸው። በ1993 በወጣው ፓይተን 0.9.9 ውስጥ "አክሰስ" የሚል አዲስ የቋንቋ ቃል ገባ። ማን ምን መንካት እንደሚችል ለማወጅ የታሰበ ቃል ነው። የለውጥ መዝገቡ ግን አገባቡም ትርጉሙም ገና በጥናትና በክርክር ላይ መሆኑን ገለጸ፤ ሰነድ እንኳ አልተጻፈለትም። አዋጅ በሌለበት ቋንቋ ውስጥ የአዋጅ ቃል ማስገባት አልሰመረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቃሉ በጸጥታ ከቋንቋው ወጣ። ፓይተን ፕራይቬት የሌለው ስላልታሰበበት ነው የሚሉ ይህን ይስሙ፤ ታስቦበታል፣ ተሞክሯል፣ ተትቷል።

በቦታው የመጣው ሌላ መፍትሔ ነው። ጊዶ ወደ አሜሪካ ሄዶ በቨርጂኒያ ይሠራ በነበረበት በ1996 ፓይተን 1.4 ወጣ። ከእሱም ጋር ድርብ አንደርስኮር መጣ። በክላስ ውስጥ በሁለት አንደርስኮር የሚጀምር ስም ከተጻፈ ቋንቋው የክላሱን ስም ከፊቱ ይጨምርበታል። "ሒሳብ" በሚባል ክላስ ውስጥ "__ቀሪ" ብለን ብንጽፍ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው "_ሒሳብ__ቀሪ" ተብሎ ነው። ከውጭ "__ቀሪ" ብሎ የሚፈልግ ሰው ያጣዋል፤ ሙሉ ስሙን የሚያውቅ ግን ያገኘዋል። እንደ "__init__" ያሉት የቋንቋው ልዩ ስሞች በሁለት አንደርስኮር ስለሚያበቁ ለውጡ አይመለከታቸውም።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ደካማ ቁልፍ ያየዋል፤ በዚያ ከተመዘነ በእርግጥ ደካማ ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው። እኔ የጻፍኩትን ክላስ አንተ ወርሰህ የራስህን ክላስ ብትሠራ፣ ሁለታችንም ሳንነጋገር "ቀሪ" የሚል ስም ብንጠቀም፣ ያንተ የእኔን ይደመስሰዋል። እንደ ሞክሼዎች ነው፤ ሁለት ከበደ በአንድ ክፍል ቢማሩ መምህሩ በአባት ስም ይለያቸዋል። ድርብ አንደርስኮር የአባት ስም መስጫ ነው።

በዚሁ ዘመን ከእውነተኛ ሌባ ለመጠበቅም ተሞከረ። የፓይተን ሰዎች ግሬል የሚባል በፓይተን የተጻፈ የድረ ገጽ ማሰሻ ሠርተው ነበር፤ ከሩቅ የመጣን የማይታወቅ ፕሮግራም በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ያስኬዳል። ለዚህ በልማድ መታመን አይበቃም። ስለዚህ አርኤግዜክ የሚባል የተገደበ የማስኬጃ ሞጁልና ባስቲዮን የሚባል ሞጁል ተዘጋጁ። ባስቲዮን ማለት ምሽግ ነው። አንድን ኦብጀክት ሸፍኖ በአንደርስኮር የማይጀምሩትን ስሞች ብቻ ያሳልፋል። የጨዋነት ምልክት የነበረችው ሰረዝ በዚህ ሞጁል ውስጥ ሕግ ሆነች።

ከ2001 እስከ 2003፦ ፕሮፐርቲ መጣ፣ ምሽጉ ፈረሰ

የታሪኩ ትልቁ መታጠፊያ በታኅሣሥ 2001 የወጣው ፓይተን 2.2 ነው። እስከዚያ ድረስ በቋንቋው ውስጥ የተሠሩት ዓይነቶችና ፕሮግራመሩ የሚሠራቸው ክላሶች ሁለት የተለያዩ ዓለማት ነበሩ። ጊዶ ሁለቱን ሊያዋሕድ ተነሣ። ለዚህም የአትሪቢዩት ፍለጋ ከሥሩ እንደገና መነደፍ ነበረበት። ከንድፉ የወጣው መሣሪያ ዲስክሪፕተር ይባላል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ በክላሱ ላይ የተቀመጠ ነገር "እኔን ሲፈልጉኝ ምን ልስጥ? ሲጽፉብኝስ ምን ላድርግ?" የሚለውን ራሱ ይወስናል።

ከዲስክሪፕተር የተወለደው ዝነኛ ልጅ ፕሮፐርቲ ነው። ወደ ባንክ ሒሳባችን እንመለስ። መጀመሪያ "ቀሪ" ተራ ቁጥር ነበር፤ ሰዎች ሁሉ "ሒሳብ.ቀሪ" እያሉ ተጠቀሙበት። ከዓመት በኋላ ከመዝገብ ተደምሮ እንዲገኝ ተወሰነ። በፓይተን 2.2 ፕሮግራመሩ በክላሱ ውስጥ ስሌቱን ጽፎ ፕሮፐርቲ ያደርገዋል። ከውጭ ያለው ኮድ አንድ ፊደል አይለወጥበትም፤ አሁንም "ሒሳብ.ቀሪ" ነው። ቅንፉ አልመጣም። አሉታዊ ቁጥር እንዳይገባ መከልከልም፣ ጨርሶ እንዳይጻፍበት ማድረግም በዚሁ መንገድ ይቻላል። ሜየር በ1988 የጠየቀው ነገር በፓይተን ውስጥ መልስ አገኘ።

የዚህ ትርጉም እጅግ ጥልቅ ነው። ጌተርና ሴተር ይጻፉ የነበሩት በፍርሃት ነው፤ ነገ ለውጥ ቢመጣ ዛሬ የተከፈተው በር አይዘጋም በሚል ፍርሃት። ፕሮፐርቲ ፍርሃቱን ከሥሩ ነቀለው። ዛሬ ክፍት አድርገህ መጀመር፣ ነገ ግድ ሲሆን ጠባቂ ማቆም ይቻላል። የፓርናስ መሥፈርት ውሳኔን ሌላውን ሳያስቸግሩ የመለወጥ ነፃነት ነበር፤ ያ ነፃነት ያለ ቁልፍ ተገኘ።

ከፕሮፐርቲ ጋር ስሎትስ የሚባል ነገርም መጣ። ክላሱ የሚኖሩትን ዕቃዎች ስም አስቀድሞ ይዘረዝራል፤ ከዝርዝሩ ውጭ አዲስ ዕቃ መጨመር አይቻልም። ብዙዎች ይህንን እንደ ጥበቃ አዩት። ጊዶ ግን በኋላ ዓላማው ጥበቃ ሳይሆን ፍጥነት እንደነበር ጽፏል።

የአዲሱ ንድፍ ኃይል ግን ሌላ ነገር አፈረሰ። ክላሶችና ዓይነቶች አንድ ሲሆኑ ከአንዱ ኦብጀክት ተነሥቶ በክላሱ፣ ከክላሱ በወላጁ እያሉ ወደ ቋንቋው ልብ የሚያደርሱ መንገዶች በዙ። በ2003 በወጣው ፓይተን 2.3 አርኤግዜክና ባስቲዮን በቀላሉ የማይደፈኑ የታወቁ ቀዳዳዎች ስላሉባቸው እንዳይሠሩ ተደረጉ። ከዚያ ወዲህ ፍርዱ ግልጽ ነው፤ የማይታመንን ኮድ የሚያግደው የኮምፒውተሩ ሥርዓተ ክወና ወይም የተለየ ሂደት ነው እንጂ የኦብጀክት ግድግዳ አይደለም። ከጠላት መከላከልና ከባልደረባ ጋር መስማማት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው በተግባር ታየ።

ከ2001 እስከ 2008፦ ልማዱ ሕገ ደንብ ሆነ

ልማድ ካልተጻፈ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይተረጉማል። በሐምሌ 2001 ጊዶ ከባሪ ዋርሶ ጋር ፔፕ 8 የተባለውን የአጻጻፍ መመሪያ አወጡ፤ መመሪያው እየዳበረ ሄዶ የዛሬው መልክ ላይ ደረሰ። መመሪያው "ፕራይቬት" የሚለውን ቃል ሆን ብሎ ይተዋል፤ በፓይተን ውስጥ በእርግጥ ፕራይቬት የሆነ ነገር የለምና። የሚናገረው ስለ ፐብሊክና ፐብሊክ ስላልሆነው ነገር ነው። ከተጠራጠርክ ፐብሊክ አታድርገው ይላል፤ የተዘጋን ኋላ መክፈት ይቀላል፣ የተከፈተን መዝጋት ግን ይከብዳል። ቃል ኪዳኑንም አስቀመጠ፦ በሰነድ የተገለጸው ነገር በድንገት አይለወጥም፤ በአንደርስኮር የሚጀምረው ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለወጥ ይችላል። አንደርስኮር ማለት "አትግባ" ብቻ አይደለም፤ "ከገባህ ነገ ዕቃው እዚህ ላይገኝ ይችላል፣ ኃላፊነቱን ውሰድ" ማለት ነው።

በእነዚህ ዓመታት ብዙ ፕሮግራመሮች ከጃቫ ወደ ፓይተን ፈለሱ፤ ልማዳቸውንም ይዘው መጡ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ጌተርና ሴተር የታጨቀባቸው የፓይተን ፋይሎች በዙ። በ2004 መጨረሻ ፊሊፕ ኢቢ ፓይተን ጃቫ አይደለም የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ በጃቫ ብልህነት የሆነው ልማድ እዚህ ፕሮፐርቲ እያለ ትርፍ ሸክም መሆኑን አስረዳ። በዚያው ዓመት ኅዳር የወጣው ፓይተን 2.4 ዲኮሬተርን ይዞ መጣ፤ ፕሮፐርቲም ከተግባሩ አናት ላይ በአንድ መስመር የሚጻፍ ሆነ። ፓይተን 2.6 ደግሞ በ2008 የሚጽፈውንም ወገን በዚሁ ውብ አጻጻፍ ለመግለጽ አስቻለ።

በታኅሣሥ 2008 ፓይተን 3.0 ሲወጣ የድሮዎቹ ክላሶች ቀሩ፤ ፕሮፐርቲና ዲስክሪፕተር የሁሉም ክላስ መሠረት ሆኑ። እኛን የግዕዝ ፊደል አንባቢዎችን የሚነካ ሌላ ለውጥም ነበር። ከዚህ ስሪት ጀምሮ ስሞች በላቲን ፊደል ብቻ መጻፋቸው ቀርቶ በግዕዝ ፊደልም መጻፍ ተቻለ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት "ሒሳብ" እና "__ቀሪ" የምሳሌ ጌጥ አይደሉም፤ ፓይተን 3 በያዘ ኮምፒውተር ላይ እንዳሉ ይሠራሉ።

ከ2008 እስከ 2022፦ መጋረጃው የተፈተነበት ዘመን

ልማድ በልዩ ሁኔታዎች ይፈተናል። በፓይተን 2.6 ሬይመንድ ሄቲንገር ኔምድተፕል የሚባለውን መሣሪያ አስገባ። ተጠቃሚው የዕቃዎቹን ስም ራሱ ስለሚሰጥ የመሣሪያው የራሱ ሜተዶች ከተጠቃሚው ስሞች ጋር እንዳይጋጩ በአንደርስኮር ተጀመሩ፤ ሆኖም ሁሉም በሰነድ የተገለጹ፣ ለሕዝብ የተፈቀዱ ናቸው። ምልክቷ ሁልጊዜ አንድ ትርጉም እንደሌላት፣ የመጨረሻው ዳኛ ሰነዱ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ይኸው ሰው በ2013 በፓይተን ፕሮግራመሮች ጉባኤ ላይ ባቀረበው ንግግር የድርብ አንደርስኮርን እውነተኛ ሥራ በክብ ምሳሌ አስረዳ። የክቡ ስፋት የሚሰላው ከዙሪያው ነው እንበል። አንድ የጎማ ክላስ ክቡን ወርሶ ዙሪያውን በራሱ መንገድ ቢያሰላ ስፋቱ ሳይታሰብ ይበላሻል። ዋናው ክላስ የራሱን የዙሪያ ስሌት በድርብ አንደርስኮር ለራሱ ቢያስቀምጥ ግን ወራሹ እንደፈለገ ይለውጣል፤ የወላጁም ስሌት አይናወጥም። ከ1996 ጀምሮ ደካማ ቁልፍ ሲባል የኖረው ነገር የወራሽን ነፃነት ማስከበሪያ ነበር።

በ2018 ፓይተን 3.7 ዳታክላስን አመጣ። ዳታክላስ ዕቃዎቹን በግልጽ፣ ያለ ጌተርና ሴተር ይዘረዝራል። እንዳይለወጥ ተደርጎ ሊሠራም ይችላል፤ ቢሆንም ክልከላው በቋንቋው በራሱ መንገድ ሊታለፍ ይችላል። አንዳንድ የዓይነት መርማሪዎችና የኮድ መርማሪዎች ደግሞ አንደርስኮር ያለበትን የሌላ ክላስ ዕቃ የነካን ሰው ገና ኮዱ ሳይሄድ ያስጠነቅቃሉ። ያስጠነቅቃሉ እንጂ አያስቆሙም፤ ፓይተን የሚለው አሁንም ያንኑ ነው።

ሌሎች ቋንቋዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። ጃቫ ከመነሻው ቁልፍ ነበረው፤ ነገር ግን ሪፍሌክሽን በሚባለው መንገድ ብዙ ላይብረሪዎች ቁልፉን አልፈው ይገቡ ነበር። በ2017 የወጣው ጃቫ 9 የሞጁል ግድግዳ አቆመ፤ በ2021 የወጣው ጃቫ 17 ደግሞ የራሱን ውስጣዊ ክፍሎች አጥብቆ ዘጋ። ጃቫስክሪፕት እንደ ፓይተን ለዓመታት በአንደርስኮር ልማድ ኖሮ በ2022 ደረጃው እውነተኛ ፕራይቬትን ተቀበለ። እነዚህ ውሳኔዎች ያለ ምክንያት አልመጡም። መጋረጃውን ገልጠው የሚገቡ ሲበዙ የቤቱ ባለቤት ዕቃውን ማዛወር አይችልም፤ ቢያዛውር የሌላው ሥራ ይቆማል። ፓይተንም ይህን ዋጋ ይከፍላል። በአንደርስኮር የሚጀምረው የሲስ ሞጁል "_getframe" ተግባር በብዙ ላይብረሪዎች ስለተለመደ የቋንቋው ጠባቂዎች እንደፈለጉ ሊያነሡት አልቻሉም።

ዋጋው እንዳለ ሆኖ የእኔ ፍርድ ለመጋረጃው ነው። በ1972 የተነሣው ጥያቄ ውሳኔን እንዴት ሌላውን ሳንጎዳ እንለውጥ የሚል ነበር። ፓይተን ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልሶች ሰጥቷል፤ ምልክቷን፣ ፕሮፐርቲንና የተጻፈ ሰነድን። ሦስቱ አብረው እስካሉ ድረስ ቁልፍ አያስፈልግም። ከሦስቱ አንዱ፣ በተለይ ሰነዱ፣ ሲጎድል ግን የትኛውም ቁልፍ አያድንም። ስለዚህ ፓይተን የምትጽፍ ወዳጄ ሆይ፣ ዕቃህን ክፍት አድርገህ ጀምር፤ የውስጡን በአንድ አንደርስኮር ለይ፤ ድርቡን ለወራሾች ግጭት ብቻ ጠብቀው፤ ፕሮፐርቲን ግድ ሲሆን አምጣ፤ የገባኸውን ቃል በሰነድ ጻፍ። የሌላውን አንደርስኮር ስታይ ደግሞ ሳሎን ተቀመጥ። ጭስ ካየህ ግባ፤ የገባህበትንም ምክንያት ከኮዱ አጠገብ ጽፈህ ውጣ።